ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፦ ስለ አንድ ቀኑ የድንጋይ ጉብኝት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰሜን ሸዋ ገደል ጫፍ የምናስጎበኘውን የአንድ ቀን ጉዞ ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁንን እዚህ ሰብስበናል። ግማሹ ጥያቄ ስለ ብርድና ስለ ምሳ ነው፤ እሱን በአጭሩ መልሰናል። ስለ ድንጋዩ የሚጠየቀው ግን ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል።

ጉዞው የት የት ነው?

መነሻችን ደብረ ብርሃን ነው። በደሴ መንገድ ወደ ጣርማበር እንወጣለን። የምኒልክ መስኮት የሚባለው ገደል አፋፍ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንቆማለን። ከዚያ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተቆፈረውን የጣርማበር ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና እንወርዳለን። ምሳችን እዚያው ነው። ከሰዓት በኋላ እስከ ሸዋ ሮቢት ወርደን በመጣንበት እንመለሳለን።

ርቀቱ ብዙ አይደለም። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ደግሞ 60 ያህል። ትልቁ ነገር ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማበር 3,000ን ያልፋል። ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 አካባቢ ላይ ናት። ጠዋት ጋቢ ተከናንቦ የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ጥላ ፍለጋ ይገባል።

ስለ ጂኦሎጂ ምንም አላውቅም። አይሰለቸኝም?

አይመስለንም። ከተጓዦቻችን ብዙዎቹ ይህንን መንገድ ወደ ደሴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ሲሄዱ ከአውቶብስ መስኮት ያዩት ናቸው። ዋሻው ውስጥ ሲገባ መብራት በርቶ፣ ከዋሻው ሲወጣ ጆሮ ተደፍኖ፣ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ስለ ፍሬኑ እየተጨነቁ ነው ያለፉት። እኛ የምናደርገው እዚያው መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ መውረድ ነው። ቃላቱን የምንጠቀመው ሲያስፈልጉ ብቻ ነው። በቀኑ መጨረሻ ባሳልትን፣ ማለትም ጥቁሩን የላቫ ድንጋይ፣ ከኢግኒምብራይት፣ ማለትም ነጣ ካለው የአመድ ድንጋይ፣ በዓይን መለየት ከቻላችሁ በቂ ነው። ባይቻልም ችግር የለም።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንናገራለን፦ ብዙ ቦታ እየተሯሯጡ ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው በዚህ ጉዞ አይደሰትም። ጥቂት ቦታ ላይ ነው የምንቆመው፣ እዚያም ረጅም ሰዓት ነው የምንቆየው። ገደል በአምስት ደቂቃ አይታይም።

ይህ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ከየት መጣ?

ከመሬት ስንጥቅ ነው የመጣው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ጥልቅ የወጣ ከፍተኛ ሙቀት የዛሬይቱን ኢትዮጵያ ከሥሯ ገፋት። ቅርፊቱ ተሰነጠቀ፤ በስንጥቁ በኩል የቀለጠ አለት ፈሰሰ። አንድ ተራራ ፈንድቶ ዙሪያውን ያቃጠለበት ዓይነት አልነበረም። ቀጭን ላቫ እየፈሰሰ ሜዳውን ሸፈነ፣ በረደ፣ ደነደነ። በላዩ ሌላ ፈሰሰ። አብዛኛው የወጣው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው ይባላል፤ ይህ ለምድር ታሪክ በጣም አጭር ጊዜ ነው። ዛሬም በኢትዮጵያና በአካባቢዋ የቀረው ሽፋን ወደ 600,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይገመታል። ውፍረቱ በብዙ ቦታ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው።

የላቫው ጎርፍ ካለፈ በኋላ በዚያው ሜዳ ላይ ጎናቸው ዘመም ያለ ትልልቅ የእሳተ ገሞራ ተራሮች በቀሉ። የሰሜን ሸዋ ከፍታ ብዙው የእነሱ ሥራ ነው። ጂኦሎጂስቶች ይህን የድንጋይ ክምር ሲሰይሙ ስሙን ከዚሁ መንገድ ወሰዱት፤ በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በታተመው የኢትዮጵያ ጂኦሎጂ ካርታ ላይ "ጣርማበር ጓሳ" እና "ጣርማበር መገዘዝ" የሚባሉ ሁለት የድንጋይ ክፍሎች አሉ። የመጀመሪያው ያረጀው ነው። ሁለተኛው በመገዘዝ ተራራ የተሰየመ ሲሆን ዕድሜው 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የጓሳን ሜዳ በጭላዳውና በሣሩ የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ፤ በሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን ጓሳ የሚለውን ስም መጀመሪያ የሚያውቁት በድንጋዩ የሆኑ ተማሪዎች አሉ። ይህ ለእኛ ትንሽ ኩራት ነው፣ አንደብቅም።

ሁሉም ድንጋይ ጥቁር አይደለም ደግሞ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ነጣ ያለ፣ ግራጫማ፣ ለመጥረብ የሚመች ድንጋይ ታያላችሁ። እሱ ኢግኒምብራይት ይባላል። ከላቫ አይደለም የተሠራው። የጋለ አመድና ጋዝ እንደ ደመና ወርዶ፣ ተከምሮ፣ በራሱ ሙቀት ተጣብቆ የደነደነ ነው። ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ውስጡ የተጨፈለቀ የአረፋ ድንጋይ ቁርጥራጭ አለ። ባሳልቱ ዝም ብሎ ፈሰሰ፤ ይህኛው ግን በኃይል የፈነዳ ነው። ሁለቱ እየተፈራረቁ መደርደራቸው በኋላ ደብረ ሲና ስንደርስ ትልቅ ጣጣ ያመጣል።

ጣርማበር ላይ በትክክል ምን እናያለን?

መጀመሪያ የምናየው ጭጋግ ሊሆን ይችላል። ጭጋጉ ካልከለከለን ግን ከእግራችን ሥር ምድር ድንገት ያልቃል። ከኋላችን ያለው የመንዝና የደብረ ብርሃን ሜዳ ነው፤ ገብስ፣ በግ፣ የድንጋይ ካብ። ከፊታችን የይፋት ቆላ ነው፤ አየሩ ጥርት ካለ እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ይታያል።

ይህ ገደል የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ግድግዳ ነው። አፍሪካ እዚህ ላይ እየተቀደደች ነው። የምሥራቁ ክፍል በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከምዕራቡ ይርቃል። ጥፍር ከዚያ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ግን በሚሊዮን ዓመታት ሲባዛ ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ወደ ሁለት ሺህ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ይሆናል። መሬቱ በአንድ ጊዜ አልወረደም። በብዙ ስብራቶች፣ ደረጃ በደረጃ ነው የሰጠመው። ደብረ ሲና ያለችው ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ላይ ነው።

አፋፉ ላይ ቆመን ሁልጊዜ የምንነግራችሁ አንድ ነገር አለ። የዝናብ ጠብታ ከጫፉ በስተምዕራብ ከወደቀ በእነ በሬሳ ወንዝ አድርጎ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ ይገባል፤ መጨረሻው ሜዲትራኒያን ባሕር ነው። ጥቂት እርምጃ ወደ ምሥራቅ ከወደቀ ደግሞ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳል። አዋሽ ባሕር አይደርስም። ጂቡቲ ጠረፍ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ፀሐይ ትጨርሰዋለች።

ከዚያ ወደ መንገዱ ዳር ቁራጭ፣ መንገዱ ሲሠራ ድንጋዩ ተቆርጦ ወደተጋለጠበት ቦታ፣ እንወርዳለን። እዚህ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው በጥቁሮቹ ንጣፎች መካከል የሚያልፈው ቀላ ያለ ቀጭን መስመር ነው። አንድ ላቫ ፈስሶ ከበረደ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ብዙ ሺህ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። በዚያ መሀል ድንጋዩ ፈራርሶ አፈር ይሆናል፣ ሣር ይበቅልበታል። ቀጣዩ ላቫ ሲመጣ ያንን አፈር ጠብሶ ያቀላዋል። ቀዩ መስመር ፋታ ነው፤ እሳቱ ያረፈበት ጊዜ። ብዙ ጎብኚ ጥቁሩን ያደንቃል፤ እኛ ቀዩን እንወዳለን።

ሁለተኛው በመሣሪያ የተጠረቡ የሚመስሉ ባለ ስድስት ወይም ባለ አምስት ማዕዘን የድንጋይ ዓምዶች ናቸው። "ሰው ነው የሠራቸው?" የሚል ጥያቄ አይቀርም። ሰው አልሠራቸውም። ላቫ ሲበርድ ይኮማተራል። ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ክረምት ያቆረው ኩሬ በበጋ ሲደርቅ ጭቃው እንደሚሰነጠቀው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የላቫው ስንጥቅ ከላይና ከታች እየገባ ሄዶ ዓምድ ማውጣቱ ነው።

"30 ሚሊዮን ዓመት" የምትሉት በምን ታውቆ ነው? ከእምነታችን ጋርስ አይጋጭም?

ይህ ጥያቄ ከማንኛውም ጥያቄ በላይ ይመጣል። መኪና ውስጥ ግማሽ መንገድ የሚወስድ ክርክርም አስነስቶ ያውቃል።

ስለ መለኪያው እንንገራችሁ። በድንጋይ ውስጥ ፖታሲየም አለ። ከፖታሲየሙ እጅግ ጥቂቱ ፖታሲየም 40 የሚባል፣ በራሱ ጊዜ እየፈረሰ የሚሄድ ዓይነት ነው። በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ግማሹ ያልቃል። ሲፈርስ ከፊሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ላቫው ፈሳሽ ሳለ ጋዙ ያመልጣል። ላቫው ሲደነድን ግን መውጫ ያጣል፣ ማዕድኑ ውስጥ ይታሰራል። ስለዚህ ድንጋዩ የበረደበት ቀን ቆጠራው ከዜሮ የሚነሳበት ቀን ነው። በላቦራቶሪ የቀረው ፖታሲየምና የታሰረው አርጎን ይለካል፣ ዕድሜው ይሰላል። አንድ ድንጋይ ብቻ አይደለም የሚለካው፤ ከታች ያለው ንጣፍ ከላይኛው አርጅቶ መገኘት አለበት። ካልሆነ አንድ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው፣ ይደገማል።

ስለ እምነቱ፦ አስጎብኚዎቻችን የነገረ መለኮት ሰዎች አይደሉም። ከተጓዦቻችን ውስጥ ቄሶችም ሼኮችም ነበሩ። አንዳንዶቹ የእግዚአብሔር ቀን እንደ ሰው ቀን አይቆጠርም ብለው አልፈውታል፣ አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቅንቀው አዳምጠዋል። እኛ ድንጋዩ የሚያሳየውን እናሳያለን። ከዚያ በኋላ ያለው የእናንተ ነው።

ደብረ ሲና አካባቢ መሬቱ የሚንሸራተተው ለምንድን ነው? የምንቆምበት ቦታስ አያሰጋም?

በመስከረም 1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ ወይንና ሾተል አምባ በሚባሉት ቦታዎች ሰፊ የመሬት መንሸራተት ደረሰ። ብዙ ቤት ፈረሰ፣ እርሻ ጠፋ፣ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላ አካባቢውን ደጋግመው አጥንተውታል።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። አንደኛ፣ ቁልቁለቱ ራሱ። ሁለተኛ፣ የስምጥ ሸለቆው ስብራቶች አለቱን ሰነጣጥቀውታል። ሦስተኛ፣ ቅድም ያልነው መፈራረቅ፦ ጠንካራና ስንጥቅ የበዛበት ባሳልት ከላይ፣ ለስላሳ የአመድ ድንጋይ ከሥር። የክረምቱ ውኃ በባሳልቱ ስንጥቅ ይሰርጋል። አመዱ ጋ ሲደርስ ግን እንደ ልቡ አያልፍም። አመዱ ደግሞ ሲያረጅ ወደ ሸክላ አፈር ይለወጣል፤ ሲርስ ያንሸራትታል። ላይ ያለው ክብደት በዚያ ላይ ይቀመጣል። መስከረም ላይ፣ መሬቱ የክረምቱን ውኃ ጠጥቶ በጠገበበት ወቅት፣ ይሄዳል።

የአካባቢው ገበሬ ይህን በሌላ በኩል ያውቀዋል። ምንጭ የሚፈልቀው እዚያው ነው፤ ውኃው ወደ ታች መስረግ ተከልክሎ ወደ ጎን በሚወጣበት መስመር ላይ። ምንጭ ባለበት ቤት ይሠራል፣ ቤት ባለበት እርሻ አለ። ሰውን የሚያኖረውም ሰውን የሚያፈናቅለውም ያው አንድ ንጣፍ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ስንቆም የወደመውን ሰፈር ፎቶ ለማንሳት የሚጣደፍ ሰው ሲኖር ደስ አይለንም። ቤታቸውን ያጡ ሰዎች ዛሬም በአካባቢው አሉ። መጀመሪያ ሰላም በሉ።

ስለ ደኅንነቱ፦ ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ ይህንን ጉዞ አናደርግም። በሌላውም ጊዜ ከባድ ዝናብ ከጣለ በማግስቱ ቁልቁለቱ ላይ አንቆምም፣ በመኪና እናልፋለን።

እዚህ እሳተ ገሞራ ሊነሳ ይችላል? የመሬት መንቀጥቀጥስ?

የደጋው እሳተ ገሞራዎች ሞተዋል። መገዘዝም ሆነ ጣርማበር ሊነሳ ነው ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ። ሕይወት ያላቸው ታች ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ያሉት ናቸው፤ ፈንታሌና ዶፈን ለምሳሌ።

መንቀጥቀጡ ግን የእኛም ጉዳይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የደረሰው የካራቆሬ መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። መጠኑ ከ6 በላይ ነበር። በቅርቡ ደግሞ ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የቀለጠ አለት ከሥር ስንጥቅ ሰርስሮ ሲገባ መሬቱ ለወራት ተንቀጠቀጠ። አንዳንዱ ወደ 6 የሚጠጋ ነበር። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፤ በሰሜን ሸዋ ቆላማ ወረዳዎችም በደንብ ተሰምቷል። ጣርማበር ላይ ቆማችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስታዩ ያ ሁሉ የሆነው በዚያ በኩል ነው። ጉዞ ላይ ሳለን ቢንቀጠቀጥ መመሪያችን ቀላል ነው፦ ከመንገድ ቁራጭና ከገደል አፋፍ ራቁ፣ ሜዳ ላይ ቁጭ በሉ።

ኦፓል እናገኛለን?

አታገኙም። ይቅርታ።

ኦፓሉ ግን እውነት ነው። ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው በኩል መዘዞ አካባቢ የሚወጣው ኦፓል በዓለም ገበያ የታወቀው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው፤ የወሎው ኦፓል ስም ሳያወጣ በፊት ማለት ነው። ሪዮላይት በሚባል ሲሊካ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቡልቡሎች ውስጥ ነው የሚገኘው። ብዙው ቡናማ፣ ቸኮሌት ወይም ብርቱካን መልክ አለው። ከላይ ሲታይ ተራ ጠጠር ነው፣ ሲሰበር ውስጡ ቀለም ይጫወታል።

ቀለሙ ቀለም አይደለም፣ ይህን ስንናገር ሰው አያምነንም። ኦፓል ከሲሊካ (ብርጭቆ ከሚሠራበት ነገር) እና ከውኃ ነው የተሠራው። ሲሊካው በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ሉሎች ሆኖ በሥርዓት ይደረደራል። ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ ይበተናል፤ የሉሎቹ መጠን የትኛው ቀለም እንደሚወጣ ይወስናል። የመዘዞው ኦፓል መጥፎ ጠባይ ሲደርቅ መሰንጠቁ ነው። ውስጡ ያለው ውኃ ሲወጣ ድንጋዩ ይጨነቃል። ዛሬ ያማረ የገዛችሁት ከወራት በኋላ በስንጥቅ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ መንገድ ላይ እየሮጡ የሚያሳዩዋችሁን ልጆች ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት። ልጆቹን አትቆጡ፤ ዝም ብላችሁ "አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም" በሉ።

ድንጋይ ይዞ መመለስ ይቻላል? መዶሻ ላምጣ?

መዶሻ አታምጡ። የመንገድ ዳር ቁራጭ መፈርከስ ለመንገዱም ለሚቀጥለው ጎብኚም አይበጅም። መሬት ላይ የወደቀች የባሳልት ቁራጭ ኪሳችሁ ብትገባ ማንም አይፈትሻችሁም። ቅሪተ አካልና የከበሩ ማዕድናት ግን የተለዩ ናቸው። ቅሪተ አካል በሕግ ቅርስ ነው፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይመለከተዋል። ካያችሁ ፎቶ አንሱ፣ ከጎኑ አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ መጠኑ እንዲታወቅ፣ ባለበት ተዉት።

ቅሪተ አካል አለ እንዴ?

በምንሄድበት መንገድ ላይ የለም። ላቫ ብዙ ነገር አያስቀርም። ግን ከደብረ ብርሃን ብዙ ሳይርቅ ሙሽ ሸለቆ የሚባል ቦታ አለ። 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሞላቸው የዛፍ ቅጠሎች በጥንት ሐይቅ ደለል ውስጥ ታትመው ተገኝተዋል፤ የቅጠሉ ሥር እንኳ ይታያል። ከቅጠሎቹ ተነሥተው ተመራማሪዎች ያኔ አካባቢው እርጥብ ደን እንደነበረ ይናገራሉ። ዛሬ ብርዱ የሚያንቀጠቅጥበት ሜዳ ማለት ነው። ሙሽ የጥናት ቦታ ስለሆነ ጎብኚ አናስገባም፤ ጣርማበር ላይ ስናወራ ግን አቅጣጫውን እናሳያችኋለን።

ጀማን ለምን አላካተታችሁም?

ጀማ የራሱ ቀን ይፈልጋል። በሙከጡሪና በለሚ አድርጎ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደውን መንገድ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ሜዳው ድንገት ተቆርጦ ወደ ሸለቆ ይገባል። እዚያ ወንዙ ላቫውን በስቶ ከሥሩ ያለውን አሮጌ ዓለም አውጥቶታል። ከላይ ባሳልት፣ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያም የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም። የኖራ ድንጋዩ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ያኔ ባሕር ይህንን አገር ሸፍኖት ነበር። መርሐቤቴ ላይ የዛጎል ቅሪት ያለበት ድንጋይ በአጥር ካብ ውስጥ ቢገኝ አይገርምም። ለሚ ላይ ግዙፍ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለውም ለዚሁ ድንጋይ ሲባል ነው።

ሁለቱን በአንድ ቀን እንይ የሚሉን አሉ። አይሆንም። ጣርማበር መሬት እንዴት እንደወረደች ያሳያል፤ ጀማ ደግሞ ወንዝ እንዴት እንደቆረጣት። ሁለቱን ማደባለቅ ሁለቱንም ማጣት ነው።

ጭላዳ እናያለን?

ብዙ ጊዜ አዎ። ሌሊት ገደሉ ላይ አድረው ጠዋት ሣር ለመንጨት ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ምግብ አትስጧቸው። ዳቦ የለመደ ጭላዳ ነገ ለገበሬው ማሳ ጠላት ይሆናል።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከጥቅምት እስከ ጥር። አየሩ ይጠራል፣ ቆላው እስከ ሩቅ ይታያል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግን ደብረ ብርሃን ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ከየካቲት በኋላ የበልግ ዝናብና ጭጋግ ሊመጣ ይችላል። ጭጋግ ከሆነ አንሰርዝም። ቅደም ተከተሉን እንገለብጣለን፦ መጀመሪያ ወደ ሸዋ ሮቢት እንወርዳለን፣ ሲገለጥ ጣርማበር ላይ እንቆማለን። ካልተገለጠም ድንጋዩ በእጅ ይዳሰሳል።

ሸዋ ሮቢት ምን አለ? ሙቀት ብቻ ነው ይሉናል።

ሙቀቱማ አለ። ግን ደጋው የሚያጣው አፈር የት እንደሚሄድ የምታዩት እዚያ ነው። ጎርፍ ከገደሉ ያመጣው ድንጋይና ደለል ሜዳው ላይ ተዘርግቷል፤ ከገደሉ ሥር ትልልቁ ድንጋይ፣ ራቅ ሲል ጠጠሩ፣ ከዚያ ደቃቁ አፈር። ማሾው፣ ሽንኩርቱና ማንጎው የሚበቅለው በዚያ ደለል ላይ ነው። የወንዙ አሸዋ ላይ ቁጭ ብለን ጠጠር እንለያለን፤ ጠዋት ጣርማበር ላይ ያያችሁትን ድንጋይ ከሰዓት በኋላ ተድበልብሎ ታገኙታላችሁ። ይህን ጨዋታ ከልጆቹ ይልቅ አዋቂዎቹ ናቸው አልለቅም የሚሉት።

ከፍታው ያስቸግራል? ምን እንያዝ?

ለአዲስ አበባ ሰው ብዙም አይከብድም። ከቆላ በቀጥታ የመጣ ሰው ትንሽ ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር ሊሰማው ይችላል፤ ቀስ ብሎ መራመድና ውኃ መጠጣት ይረዳል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ወፍራም ጃኬት፣ ከሥሩ ስስ ልብስ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ ኮፍያ። የደብረ ብርሃንን አረቄ መቅመስ ለፈለገ፣ ማታ ተመልሰን ነው። ገደል አፋፍ ላይ አይሆንም።

ምሳ?

ደብረ ሲና ላይ የጾምም የፍስክም እናዛለን። ጠዋት ለመንገድ ቆሎና በሶ እኛ ይዘናል።

መንገዱ ሰላም ነው?

ከመነሳታችን በፊት ባለው ቀን በየወረዳው ያሉ ሰዎችን ደውለን እንጠይቃለን። መንገዱ ክፍት መሆኑን ካላረጋገጥን አንወጣም፣ ጠዋት ላይ ነገር ከተለወጠም እንሰርዛለን። በዚህ ጉዳይ ላይ "ምናለበት፣ እንሞክረው" የሚል ተጓዥ ቢኖርም አንሰማውም። ሁላችሁም መታወቂያ ያዙ። ጨለማ ሳይዘን ደብረ ብርሃን መግባት አለብን፤ ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ይነሳል፣ አይጠብቅም።

ዋጋው ስንት ነው? ከሰረዛችሁስ?

በሰው ብዛትና በመኪናው ዓይነት ይለያያል፤ ስትደውሉ በቁርጥ እንነግራችኋለን። ምሳ፣ ውኃና አስጎብኚው ተካትተዋል። እኛ ከሰረዝን ሙሉው ይመለሳል ወይም ሌላ ቀን ይያዝላችኋል። እናንተ ከሰረዛችሁ ከሁለት ቀን በፊት አሳውቁን።

ልጆች መምጣት ይችላሉ?

ከስምንት ዓመት በላይ ያሉ፣ ከወላጅ ጋር። አፋፉ ላይ አጥር የለም፤ የልጃችሁን እጅ የምትይዙት እናንተ ናችሁ። የትምህርት ቤት ቡድን ሲሆን ለእያንዳንዱ አሥር ተማሪ አንድ መምህር እንጠይቃለን፣ የሸዋ ሮቢቱንም ክፍል አስቀርተን ከደብረ ሲና እንመለሳለን።